«ጨረር ሁለት ጊዜ አይሰጥም» ብዬ ነበር

የታናሽ ወንድሜ የአንጎል ዕጢ ከአራት ዓመት በኋላ ሲመለስ የቤተሰቡ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ አረፈ። ዕድሜዬን በነርስነት ስላሳለፍኩ በቤታችን የሕክምና ነገር የሚጠየቀው ከእኔ ነው። ባለቤቱ «እትዬ፣ ያንን ጨረር እንደገና አይሰጡትም?» አለችኝ። እኔም ሳላመነታ «አንድ ቦታ ላይ ጨረር ሁለት ጊዜ አይሰጥም» አልኳት። ተማሪ ሳለሁ የሰማሁት እንደዚያ ነበር። አንገቷን ደፍታ ወጣች። ከዚያ በኋላ በቤቱ ስለ ሕክምና የሚያነሳ ጠፋ።

ተሳስቼ ነበር። ያረመኝ የልጄ እኩያ የሆነ ሐኪም ነው።

«ሲስተር፣ የተማሩት ከምንም ተነስቶ አይደለም» አለኝ። ጤነኛው የአንጎል ክፍል የወሰደውን ጨረር ቶሎ አይረሳም፤ መጠኑ ሲደራረብ ሊጎዳ፣ አልፎም ሊሞት ይችላል። ዛሬ ግን በኤምአርአይና በሲቲ ስካን ዕጢውን ለይቶ፣ ዙሪያውን እየቆጠቡ ማነጣጠር ስለሚቻል ለአንዳንድ ሕመምተኞች በድጋሚ ይሰጣል። ዕጢው ትንሽና ድንበሩ የለየ ከሆነ ከፍተኛ መጠን በአንድ ወይም በጥቂት ቀን ይሰጣል። ስዊድናዊው ሐኪም ላርስ ሌክሴል የፈጠረው ጋማ ናይፍ ከዚህ ወገን ነው፤ ስሙ ቢላዋ ቢሆንም የሚቆርጠው ነገር የለም። ሰፋ ላለው ዕጢ ደግሞ ከመጀመሪያው ያነሰ መጠን፣ ለምሳሌ 35 ግሬይ በ10 ቀን ተከፋፍሎ ሊሰጥ ይችላል። ግሬይ የጨረር መለኪያ ነው። የወንድሜ ዕጢ ከሁለተኛው ወገን ነበር። «ቤቱን ሸጠን ለጋማ ናይፍ ውጭ አገር እንውሰደው» ይሉ የነበሩ ዘመዶቻችን ያኔ ተረጋጉ።

ሐኪሙ ግን ሁለት ነገር ሳያጣራ አልጀመረም። አንደኛው፣ የታየው እውነት ዕጢ ነው ወይስ የድሮው ጨረር ያደረሰው ጉዳት? በምስል ላይ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ሁለተኛው፣ ፊት የተሰጠው ምን ያህል ነበር? የትስ አረፈ? «ይህን ሳላውቅ ብሰጠው በጭፍን ነው» አለ። ፋይሉን ፍለጋ ሁለት ሳምንት ተመላለስን፤ አልተገኘም። በመጨረሻ ባለቤቱ ከሳጥን ሥር፣ ከልጆቿ የክትባት ካርድ ጋር ያስቀመጠችውን ወረቀት አመጣች። 54 ግሬይ፣ በ30 ጊዜ። ቦታውም ቀኑም ተጽፏል። እኔ ተስፋ ባስቆረጥኳት ጊዜ እንኳ አልጣለችውም ነበር።

ሐኪሙ እንደሚድን ቃል አልገባልንም። «የምንገዛው ጊዜ ነው፤ ድካምና የአንጎል እብጠት ሊያመጣበትም ይችላል» ብሎ ለራሱ ለወንድሜ ነገረው። ወንድሜም አስቦበት እሺ አለ። አሥሩን ቀን ጨረሰ። ቀኝ እጁ ዛሬም ይዝላል፤ ራስ ምታቱ ግን ቀንሶለት ማታ ማታ የልጁን የቤት ሥራ ያያል።

እናንተም በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ካለ ጨረሩ ሲያልቅ የመጠኑንና የቦታውን ማጠቃለያ፣ የምስሎቹንም ሲዲ ጠይቃችሁ ተቀበሉ፤ ኮፒውን ሌላ ዘመድ ጋ አኑሩ። ዕጢው ተመለሰ ከተባለ ደግሞ ስለ ድጋሚ ጨረር የጨረር ሐኪሙን ራሱን ጠይቁት። እንደ እኔ ያለች የቤት ነርስ ብትኖራችሁም፣ የእሷን ቃል የመጨረሻ አታድርጉት።