በደብዳቤው ያልተጻፈው

በኬንያዋ ሞያሌ በትርጉም ሥራ የምተዳደር ነኝና፣ ወጣቶች በስልካቸው የደረሳቸውን የእንግሊዝኛ የሥራ ጥሪ ይዘው ይመጡና «ጋሼ፣ ምን ይላል?» ይሉኛል። ቃሉ ተመሳሳይ ነው፤ ባንኮክ፣ የኮምፒዩተር ሥራ፣ ደመወዝ በዶላር። እኔም የተጻፈውን ከመተርጐሜ በፊት ያልተጻፈውን አሳያቸዋለሁ። የአሠሪው አድራሻ የለም፤ የሥራ ውልና የሥራ ቪዛ አልተጠቀሱም። የማይቀረው «የመመዝገቢያ ገንዘብ በኤምፔሳ ላኩ» የሚለው ነው።

እኛ የድንበር ሰዎች የደላላን መንገድ እናውቃለን። ባንኮክ የተባለላቸው ብዙ ወጣቶችም ሳያውቁት ድንበር ተሻግረው፣ ሚያንማር ውስጥ ሚያዋዲ አካባቢ በታጠረ ግቢ ተዘግቶባቸዋል፤ በዚያም ሌላውን ሰው በኢንተርኔት እንዲያጭበረብሩ ተገደዋል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ተለቀው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ያህል ሰዎች ከግማሽ በላይ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ኬንያውያንም አብረዋቸው ነበሩ።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ እውነተኛ አሠሪ ደመወዝ ይከፍላል እንጂ ሥራ ፈላጊውን አያስከፍልም። ወደ ውጭ እንልካለን የሚሉትን ኤጀንሲ ፈቃድ፣ በኬንያ ከብሔራዊ የሥራ ስምሪት ባለሥልጣን፣ በኢትዮጵያ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር አጣሩ። «ዛሬውኑ ካልከፈላችሁ ዕድሉ ያመልጣችኋል» ቢሏችሁ፣ ይምለጥ።