እታለም ሆይ፣ ከመቀላቀላችሁ በፊት

ለውድ እኅቴ፣



ፍኖተ ሰላም ላይ ያንቺንና የጎረቤትሽን አልጋ ቤት አንድ ልታደርጉ ማሰባችሁን ስትነግሪኝ ደስ አለኝ። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ፤ የእሷ ደንበኞች ቁርስ በነፃ ለምደዋል፣ ያንቺ ሾፌሮች ደግሞ ዱቤ። የማን ልማድ ሊጸና ነው?

እዚህ አሜሪካ ትልልቆቹም በዚሁ ተፈትነዋል። ማሪዮት የተባለው የሆቴል ኩባንያ መስከረም 2009 ዓ.ም. ስታርውድ የተባለውን ሌላ የሆቴል ኩባንያ በ13 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። የአዲስ አበባው ሸራተን እንኳ፣ ሕንፃው የሼክ አል አሙዲ ቢሆንም፣ የያዘው ስም የስታርውድ ነበርና አብሮ ወደ ማሪዮት ዞረ። የነዚህ ሆቴሎች ደንበኛ ባደረ ቁጥር ነጥብ ያጠራቅማል፤ ሲሞላለት በነፃ ያድርበታል። ነሐሴ 2010 የሁለቱ የነጥብ መዝገብ ሲዋሐድ አንዱ የስታርውድ ነጥብ በሦስት የማሪዮት ተመነዘረ፤ በ2011 ደግሞ ቦንቮይ የሚል ስም ወጣለት። እስከዚህ ድረስ ማንም አልተበደለም።

ችግሩ ማዕረጉ ላይ ነው። በዓመት 50 ሌሊት ያደረ ፕላቲነም ይባላል፤ የተሻለ ክፍል ከተገኘ ይሰጠዋል። የሁለት ቤት ባለማዕረጎች ባንድ በር ሲገቡ ግን ጥሩ ጥሩው ክፍል አብሮ አይበዛም። በ2014 ደግሞ ለአንድ ሌሊት ይህን ያህል ነጥብ የሚለው ቋሚ ተመን ቀረና ነጥቡ እንደ ፍኖተ ሰላም በርበሬ በየገበያው ዋጋው ይወጣ ይወርድ ጀመር። ያጠራቀመው ደንበኛው፣ ዋጋውን የሚቆርጠው ኩባንያው! እኔ ይህን ፍትሐዊ አልለውም።

አንቺ ነጥብ አትሰጪም፤ ዕዳሽ ግን ያው ነው። ያ አይሱዙ የሚነዳው፣ ከቡሬ በርበሬ ጭኖ ሌሊት የሚደርሰው ሰውዬ፣ በሩ አጠገብ ያለውን አልጋ ለምን እንደሚወድ ታውቂያለሽ፤ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ መኪናውን ያያል። እግሩን የሚታጠብበት ሙቅ ውሃም ሳይጠይቅ ይቀርብለታል። ይህ የትም አልተጻፈም፤ ጎረቤትሽም አታውቀውም።

ስለዚህ ታፔላ ከማሠራታችሁ በፊት የየደንበኛውን ልማድ ደብተር ላይ አስፍሪና አብራችሁ እዩት። የማትችሉትን ደግሞ ሰውየው ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ሳይቆም አስቀድማችሁ ንገሩት። ጎረቤትሽ በሩ አጠገብ ያለውን ክፍል ሂሳብ መሥሪያ እናድርገው ብትልሽ እሺ እንዳትዪ፤ ከጓሮ በኩል ያለው ይበቃችኋል።



ወንድምሽ