ስልኳን የቀማኋት ሌሊት

ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ካልመጣላት ወዲህ እብናት ያለው ቤታችን ጨዋታ ጠፍቶበት ነበር። ሌሊት ሌሊት ከብርድ ልብሷ ሥር የስልክ ብርሃን አያለሁ። “ወድቃም አትተወው!” እያልኩ እበሳጫለሁ። አንድ ሌሊት ግን ትዕግሥቴ አለቀና ተነሥቼ ቀማኋት።

“አባየ፣ ትምህርት እኮ ነው” አለችኝ። አላመንኳትም።

ጠዋት እናቷ “እስቲ አንተው እየው” ብላ ስልኩን አቀበለችኝ። እውነትም ትምህርት ነበር፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ስለነበር፣ መጀመሪያ እኛ ዘንድ የደረሰው ወሬው ብቻ ነው። ሌሊቱን የመረጠችው ደግሞ ቀን ኔትወርኩ ስለሚያስቸግር፣ የሌሊት ፓኬጅም ስለሚረክስ ኖሯል።

እኔ ዕድሜዬን በሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ጡረተኛ መምህር ነኝ። የገዛ ልጄ ስትማር፣ የምታጠፋ መስሎኝ መቆጣቴ አሳፈረኝ።

ሥልጠናው ክፍያ የለውም። ድረ ገጽና የአንድሮይድ መተግበሪያ መሥራትን፣ የመረጃ ትንተናን ያስተምራል፤ ለጨረሰ ሰርተፍኬት ይሰጣል። የሚሰጠው ዩዳሲቲ በተባለ የአሜሪካ ድርጅት መድረክ ነው። የዚህ ድርጅት መነሻ በ2011 እ.ኤ.አ. ሁለት መምህራን ከስታንፎርድ ለዓለም ሁሉ በነጻ የከፈቱት አንድ ኮርስ ነበር። 160,000 ያህል ሰው ተመዘገበ፤ የጨረሰው 23,000 ገደማ ነው። በሩ ለሁሉም ተከፍቷል፤ መንገዱን ግን ብቻውን የሚዘልቀው ጥቂት ነው።

ልጄም ከጥቂት ሳምንት በኋላ አቆመች። “አልገባኝም አባየ። የምጠይቀው ሰው የለም” አለች።

ይህን ስትል ክረምት ክረምት እየሄድኩ ዲግሪዬን የተማርኩበት ዘመን ትዝ አለኝ። እኔን ያስጨረሰኝ መምህሩ ብቻ አልነበረም፤ ማታ ሻማ አብርተን እየተጠያየቅን ያጠናን ጓደኞቼም ናቸው። እሷ ያጣችው ይኸን ነው።

እንደሷ ቤት የቀሩ ሁለት የሠፈር ልጆች ጠራን። ቅዳሜ ከሰዓት እናቷ ቡና ታፈላለች፤ ሦስቱ በአንድ ስልክ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ ፓኬጁን ተራ በተራ ይገዛሉ። የከበዳቸውን እንግሊዝኛ እኔ እፈታለሁ፤ ኮዱን ደግሞ እነሱ ለእኔ ያስረዱኛል። ለእኔ ለማስረዳት ሲሉ ራሳቸው ሲገባቸው አይቻለሁ።

በቅርቡ ልጄ የመጀመሪያውን ኮርስ ጨረሰች። ወረቀቱ ብቻውን እንጀራ እንደማይሆን ታውቃለች፤ ፈተናውንም ደግማ ለመውሰድ እያጠናች ነው። ግን “ወድቄያለሁ” ማለቱን ትታለች። ለእኔ ትልቁ ነገር ይኸ ነው።

ወላጆች፣ ስልኩን ከመቀማታችሁ በፊት “ምን እያየሽ ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ትምህርት ከሆነ፣ አጠገቧ ተቀመጡ።

ዛሬም ሌሊት ብርሃኑን አያለሁ። “ልጄ፣ ዓይንሽን እንዳይጎዳሽ” እላለሁ እንጂ አልቀማትም።