እንመለስ የሚለው ማነው?

ከላሊበላ እስከ ሙጃ ባለው የላስታ ደጋ ለቀናት በእግር የሚጓዙ የአዲስ አበባ ባልና ሚስት እናስብ። እሷ ጋቢ ተከናንባ ጅብራ ሥር ተቀምጣለች፤ ራሷን ያማታል፣ ቆሎው አስጠልቷታል። እሱ "ብርድ ነው፣ ይለቅሻል" ይላል። ላይሆን ይችላል። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ያልፋል። የከፍታ ሕመም ደግሞ ጎበዝና ሰነፍ አይመርጥም። ምልክቱ ሳይጠፋ ሽቅብ አይወጣም፤ ከባሰ ወዲያው ቁልቁል ነው።

"የአዲስ አበባ ሰውም እኮ ደገኛ ነው" ትሉኝ ይሆናል። ነው፤ የ4,000 ሜትሩን አየር ግን አልለመደውም። "የላሊበላ የገና ተሳላሚዎችስ ታመውም ይደርሱ የለ?" ይደርሳሉ፤ እኛ የምናየው ግን የደረሱትን ነው (መንገድ ላይ የቀረውን ማን ይቆጥራል?)። ባልና ሚስት ሲሆኑ ደግሞ ይብሳል፦ እሷ ጉዞውን ላለማበላሸት ትደብቃለች፣ እሱ ላለማስፈራት አይጠይቅም።

እናንተስ ጋ ቀድሞ "እንመለስ" የሚለው ማነው?