የኤሌክትሪክ ስንቅ በስሜን ተራራ

ወደ ስሜን ተራሮች በእግሩ የሚሄድ ሰው በሶና ወፍራም ጋቢ መያዝ እንዳለበት የታወቀ ነው። በዛሬው ዘመን ግን አንድ ሌላ ስንቅ ተጨምሯል፤ እርሱም የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ከደባርቅ ተነሥተን፣ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ አድርገን እስከ ራስ ደጀን ስንዘልቅ ከእህሉም ከውሃውም ይልቅ ያከራከረን ይኸው ስንቅ ነበር።

የያዝነው ሦስት ስማርት ስልክ፣ አንድ ባለ 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ፓወር ባንክ፣ በበቅሎው ጭነት ላይ የሚነጠፍ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ፣ እንዲሁም የሒሳቡ መምህር አልለይም ያለው ላፕቶፕ ነው። «ማታ ማታ የተማሪዎቼን ማርክ እደምርበታለሁ» ባይ ነበር። ያን ገደል እያዩ ማርክ መደመር እንዴት እንደሚያምር ለእርሱ ልተወው። ነገር ግን የፓወር ባንኩ አቅም በ3.7 ቮልት ሲባዛ 37 ዋት ሰዓት ነው፤ ከዚህም ከፊሉ በሙቀት ይባክናል። 15 ዋት ሰዓት የሚይዘውን ስልክ ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፤ 50 ዋት ሰዓት የሚጠጣውን ላፕቶፕ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አያጠግበውም። ስለዚህ ላፕቶፑ ከሳንቃበር ወዲያ በበቅሎ የተጫነ ድንጋይ ሆነ።

ጨነቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,600 ሜትር ይበልጣል፤ በጥር ሌሊት ሣሩ ላይ አመዳይ ይጋገራል። ማታ 40 በመቶ ኃይል የነበረው ስልክ ጠዋት አልነሣም አለ። የባትሪው ኃይል አልጠፋም፤ በብርድ ጊዜ በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ስለሚወፍር፣ ኤሌክትሪክ ተሸካሚዎቹ ቅንጣቶች መንቀሳቀስ ይሳናቸዋል፤ ቮልቱም ይወርድና ስልኩ ራሱን ይዘጋል። ጥቂት ጊዜ በብብት ሥር ቢያሞቁት ይመለሳል። ከዜሮ ዲግሪ በታች ሳለ መሙላት ግን ባትሪውን ለዘለቄታው ይጎዳዋል። ከዚያ ወዲያ ስልክን እንደ ሕፃን አቅፎ መተኛት የሁላችንም ልማድ ሆነ።

ሌላው ኃይል በሊታ የኔትወርክ ፍለጋ ነው። ምልክት በሌለበት ሸለቆ ስልክ ያለ ዕረፍት ሲጣራ ይውላል፤ በአውሮፕላን ሁኔታ ላይ ቢያደርጉት ያርፋል። ጂ.ፒ.ኤስ. ከሳተላይት ተቀባይ ብቻ ስለ ሆነ ያለ ኔትወርክም ይሠራል፤ ካርታውን አስቀድሞ ደባርቅ ላይ መጫን ነው። ሳተላይቶቹ መረጃቸውን በሴኮንድ 50 ቢት ብቻ ስለሚልኩ፣ በመጀመሪያ ሲከፍቱት ትንሽ መታገሥ ያስፈልጋል።

የቧሂትን ማለፊያ ተሻግረን፣ የመሸሃን ወንዝ አቋርጠን አምቢቆ ስንደርስ ጭቅጭቁ መልኩን ለወጠ። ሰሌዳችንን ያዩ የመንደሩ ሰዎች ባለቁልፍ ስልኮቻቸውን ይዘው መጡ። አንዲት እናት፣ «ልጆቼ፣ ልጄ ጎንደር ሆና ታማብኛለች፤ ትንሽ ቻርጅ አድርጉልኝ» አሉን። ፓወር ባንኩ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ በማግስቱ የራስ ደጀን አቀበት አለብን። የሒሳቡ መምህር፣ «እማማ፣ ካርታችን ያለው በዚህ ነው» ሲል፣ የበቅሎው ነጂ ከእሳቱ ዳር ሆነው፣ «መንገዱን እኔስ በምን አውቄው ነው እስከዛሬ የማመላልሰው?» አሉ። እኔም አሰብሁት፤ የባለቁልፍ ስልክ ባትሪ 4 ዋት ሰዓት ቢሆን ነው፤ ለአንዱ ስማርት ስልክ የሚበቃው ኃይል ሦስቱን ያጠግባል። የሴትዮይቱንና የሁለት ጎረቤቶቻቸውን ስልክ ሞላን፤ የእኛን ሁለቱን አጥፍተን አንዱን ለካርታው አስቀረን። ሴትዮይቱ ገና በጨለማ ምልክት ወደሚገኝበት ጉብታ ወጡ፤ «ትኩሳቱ ለቀቀሽ ወይ?» ሲሉ ድምፃቸው እስከ ድንኳናችን ይሰማ ነበር።

ከእኛ ጉዞ በኋላ፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጇል፤ ስለዚህ መንገደኛ አስቀድሞ የአገሩን ሰላም ይጠይቅ። መሄድ የሚቻል ሲሆን ግን ሁለት ፓወር ባንክና አንድ የፀሐይ ሰሌዳ ለሦስት ሰው አይበዛም፤ አንደኛው ለመንደሩ ይሁን። ላፕቶፑ ደባርቅ ያደረበት ቤት በዐደራ ይቀመጥ። ባልደረባዬ ማርኩን የደመረው ተመልሶ፣ በወረቀት ነው።