አስተርጓሚ ያላስፈለገው ሲኒማ

አያቴ ማንበብ አይችሉም፤ ከትግርኛም በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቁም። ስለዚህ ሓወልቲ በሚገኘው ቤታችን ፊልም በታየ ቁጥር አስተርጓሚው እኔ ነኝ፤ እውነቱን ለመናገር በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር።

ባለፈው ክረምት በአጎቴ ልጅ ኮምፒዩተር ያሳየኋቸው ግን ድምፅ የሌለው ፊልም ነው። ስሙ ‹‹ሰንራይዝ›› ይባላል፤ የፀሐይ መውጣት ማለት ነው። ጀርመናዊው ሙርናው ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ለፎክስ ኩባንያ የሠራው ሲሆን፣ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። አንድ ባላገር በከተማ ሴት ፍቅር ታውሮ ሚስቱን ሐይቅ ውስጥ ሊያሰጥማት ይነሣል፤ ጀልባው ላይ ግን እጁ አልታዘዝ ይለዋል።

ማስረዳት ስጀምር ‹‹ዝም በል፤ እያየሁ ነው›› አሉኝ። ጥቂት ቆይተውም ‹‹ይህ ሰው ምን ተሸክሞ ነው እንዲህ የሚራመደው?›› ብለው ጠየቁ። ሰውየው ምንም አልተሸከመም። በኋላ ሳነብ ግን ዳይሬክተሩ ተዋናዩን ጆርጅ ኦብራያንን ክብደት የተጨመረበት ጫማ አጫምቶት እንደ ነበር አገኘሁ። ኀጢአቱን በአፉ አላናገረውም፤ በእግሩ አስጎተተው እንጂ።

የሙርናው ብልሃት ይኸው ነው። በመካከል የሚገቡት ጽሑፎች ጥቂት ናቸው፤ ፊልሙ እየገፋ ሲሄድ ደግሞ ከቶ እየጠፉ ይሄዳሉ። የከተማዪቱ ሴት ስለ ማስጠም ስትመክረው፣ ጽሑፉ ራሱ ቀልጦ ወደ ታች ይሰጥማል! ካሜራውም ቆሞ አይመለከትም፤ ሰውየው በጨረቃ ረግረጉን ሲያቋርጥ እንደ ሰላይ ይከተለዋል።

ሚስቲቱ አምልጣ በትራም ከተማ ትገባለች። ባል ተከትሎ ምግብ ቤት ያስገባትና ኬክ ያቀርብላታል። ቁራሹን ታነሣለች፤ መብላት ግን ይሳናታል፤ ታለቅሳለች። ይኸን ጊዜ አያቴ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱና ‹‹ሊገድላት ከተነሣ እጅ እንዴት አድርጋ ትጉረስ!›› አሉ። እኔ አስቀድሜ ሁለት ጊዜ አይቼው ነበር፤ ኬክ ብቻ ነበር የታየኝ። ሚስቲቱን የሆነችው ጃኔት ጌይነር በዚህና በሌሎች ሁለት ፊልሞቿ፣ በ1929 የተሰጠውን የመጀመሪያውን የኦስካር ሽልማት ተቀብላለች።

ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን ገብተው የሌሎችን ሠርግ ያያሉ፤ ባል ቃል ኪዳኑን ሲሰማ በሚስቱ ጉልበት ላይ ተደፍቶ ያነባል፤ እርሷም ይቅር ትለዋለች። እኔ ይቅርታው ፈጥኖብኛል። ጠዋት ሊያሰጥምሽ የነበረን ሰው ከሰዓት በኋላ ማቀፍ ይቻላል? አያቴን ብጠይቃቸው አልመለሱልኝም። ‹‹ያን የሠርጉን መልሰህ አሳየኝ›› አሉ። ኮምፒዩተሩ ኃይሉን ጨርሶ፣ መብራትም ጠፍቶ ነበርና ለማግሥቱ ተቀጣጠርን።