ጃንደረባው በልቡ አንብቦ ቢሆንስ?

ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስ ወደ ሠረገላው ሮጦ ሲጠጋ «ሰማው» ይላል፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ታገኙታላችሁ። ይቺን «ሰማው» የምትል ቃል ልብ ብላችኋት ታውቃላችሁ? ሰውየው እንደ እኔና እንደ እናንተ ዐይኑን ብቻ መስመሩ ላይ እያንከባለለ አንብቦ ቢሆን ኖሮ ፊልጶስ ምኑን ይሰማል? ጥያቄው አይጠየቅም፣ ጨዋታው አይጀመርም፣ ጥምቀቱም አይከተልም።

እንግዲህ በዚያ ዘመን ድምፅ እያሰሙ ማንበብ የተለመደ ነገር ነበር። ቅዱስ አውግስጢኖስ እንኳ በ«ኑዛዜ» መጽሐፉ የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስ ድምፅ ሳያሰማ ሲያነብ ማየቱን እንደ ለየት ያለ ነገር ቆጥሮ ጽፎታል። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ሁላችንም በልባችን አንባቢዎች ነን። ታዲያ እሁድ ጠዋት ማይክ ፊት ስንቆም ከሰባት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥተን ማንበባችን ነው። ውጤቱንም ታውቁታላችሁ።

እኔን ይህ ነገር የሚያንገበግበኝ በአያቴ ምክንያት ነው። አያቴ የምትኖረው ባቲ ነው። ባቲን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ሰኞ ሰኞ ገበያዋ የሚያጨናንቅ ከተማ ናት። የሙዚቃ ሰዎች ደግሞ ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር በስሟ የሚጠራ ቅኝት አላቸው። ሕዝቧ በብዛት ሙስሊም ነው፤ ካቶሊኩ በጣት የሚቆጠር ነው። አያቴ ከአዲግራት በኩል በትዳር የመጣች ካቶሊክ ናት። ቅዳሴ ለማግኘት መኪና ተሳፍራ ዳገቱን መውጣት አለባት። በዚያ ላይ ፊደል አልቆጠረችም። ለእኔ መጽሐፍ ቅዱስ መደርደሪያ ላይ አለ፣ ስልኬም ውስጥ አለ። ለእሷ ግን መጽሐፍ ቅዱስ ማለት በዚያች እሁድ የተነበበው ነው። ያ ካመለጣት አመለጣት።

አንድ ጊዜ አብሬያት ሄጄ ስንመለስ «ዛሬ ምን ተነበበ?» አልኳት።

«ጳውሎስ ነው» አለች።

«ምን አለ?»

«እንጃ ልጄ! ልጁ ይቸኩላል። መኪና ያመለጠው ይመስላል።»

ስቄያለሁ። ግን ለመኪናው ከፍላ፣ ጾሟን ውላ፣ ያንን ሁሉ መንገድ ሄዳ «እንጃ» ብላ መመለሷ ውስጤን በላው።

የጎረቤቶቿ ልጆች እንዲህ አይደረጉም። ባቲ ውስጥ ማለዳ በመድረሳ አጠገብ ያለፈ ሰው ያውቃል። ቁርኣን የሚቀራ ልጅ የሚማረው ቃሉን ብቻ አይደለም። ፊደሉ ከጉሮሮ ይውጣ ወይስ ከምላስ ጫፍ፣ የቱ ይሳባል፣ የት ይቆማል የሚለውን ሁሉ ይማራል። ለዚህም ተጅዊድ የሚባል ራሱን የቻለ ትምህርት አለው። ልጁ ሲስት ኡስታዙ እዚያው ያርመዋል። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም የኔታ ዘንድ የተቀመጠ ልጅ ከፊደል ተነስቶ በግእዝ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ አልፎ ዳዊት እስኪደግም ድረስ ተነሽ፣ ተጣይ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ እየተባለ ጆሮው ይቀረጻል። አነሳሱን ያበላሸ ትርጉሙን አበላሸ ነው የሚባለው።

እኛስ? «አንቺ፣ ዛሬ የሚያነበው ልጅ ቀርቷል፣ ነይ አንብቢ!» ከቅዳሴው አምስት ደቂቃ በፊት። በቃ።

እርግጥ የእኛም ሥርዓት ለንባብ ቦታ ሳይሰጥ ቀርቶ አይደለም። በግእዙ ሥርዓት ቅዳሴ ከጳውሎስ መልእክት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት፣ ከሐዋርያት ሥራ ይነበባል፤ ከዚያ ምስባክ ተሰብኮ ወንጌል ይከተላል። አናጉንስጢስ የሚባል ለንባብ የሚሾም ማዕረግም አለ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው የአምልኮ ድንጋጌ ለሕዝቡ ቋንቋ በሩን ሰፋ አድርጎ ከፈተ። ቅዱሳት መጻሕፍት በቤተ ክርስቲያን ሲነበቡ የሚናገረው ክርስቶስ ራሱ መሆኑንም እዚያው አስተማረ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በላቲን ሥርዓት ሴቶችም በቋሚ የአንባቢነት አገልግሎት እንዲሾሙ የሕጉን አንቀጽ ለወጡ። ቦታው ክብር ያለው ቦታ ነው። የጎደለው ልምምዱ ነው።

የአማርኛ ንባብ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ይሰጣል» ብላችሁ ጻፉ፤ ሲላላ ሰጪውን ይነግረናል፣ ሲጠብቅ የሚሰጠውን ነገር። «ይሰማል»ም እንዲሁ ነው፤ አንዱ የሚያዳምጠውን፣ ሌላው የሚደመጠውን። «አለ» ደግሞ ገጽ በገጽ ናት፤ ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፣ ሲጠብቅ ይኖራል ማለት ነው። «ይበላል» የምትለዋን ስለ ቅዱስ ቁርባን በሚናገር ምዕራፍ ላይ አስቡት! በላዩን ከሚበላው የሚለየው የአንባቢው አፍ ብቻ ነው። በልቡ የሚያነብ ሰው ቢሳሳት ተመልሶ ያስተካክላል። አያቴ ግን ወደ ኋላ የምትመልሰው መስመር የላትም።

ጋዜጠኝነት ስማር ለሬዲዮ ንባብ የሰጡን ምክር እዚህ ይሠራል። ጽሑፉን በዋዜማው ድምፅ አውጥታችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ አንብቡት። የሚጠብቀው ፊደል ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጉ። ትንፋሽ የምትወስዱበትን ቦታ አስቀድማችሁ ምረጡ። በተለይ ጳውሎስ ላይ ያለ ዝግጅት አትግቡ። የኤፌሶን መልእክት መጀመሪያ ላይ ከቁጥር 3 እስከ 14 ያለው በግሪክኛው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በአማርኛ ቢቆራረጥም ሐሳቡ እንደ ሐረግ የተያያዘ ስለሆነ የሚያነበው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ካላወቀ የሚሰማውም አብሮት ይጠፋል። ሮሜ 16 ላይ ያለውን የስም ዝርዝርም ተለማመዱት፤ እነዚያ ሰዎች ስማቸው በትክክል ሊጠራላቸው ይገባል።

አንድ የሬዲዮ ልማድ ግን ቤታችሁ ትታችሁ ኑ። ዜና አንባቢ ድምፁን አወፍሮ «እኔ ነኝ» ይላል። ቅዳሴ ላይ እንዲያ አይሆንም። አንዳንዱ ልጅ ኢሳይያስን እንደ ሬዲዮ ድራማ ይተውነዋል፣ ሊያለቅስም ይቃጣዋል። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ «ድምፁ እንዴት ያምራል!» ካለና የተነበበውን ካላስታወሰ፣ ያ ልጅ ከቸኮለው ልጅ ብዙም አልተሻለም።

ጓደኛዬ «ምን አደከመሽ፣ የተቀዳ መጽሐፍ ቅዱስ ስልኳ ላይ ጫኝላት» አለኝ። ጫንኩላት። ቤት ውስጥ ትሰማዋለች፣ ትወደዋለችም። ቅዳሴውን ይተካልሽ እንደሆነ ስጠይቃት ግን ራሷን ነቀነቀች። «እሱ መኖሬን አያውቅም። እዚያ የሚያነበው ልጅ ግን ቀና ሲል ያየኛል» አለችኝ።

የባቲን ሰኞ ገበያ ባየሁ ቁጥር የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ትዝ ይለኛል። አንዱ በአማርኛ ይከራከራል፣ አንዱ በኦሮምኛ ይመርቃል፣ ግመል የሚጎትተው በአፋርኛ ይጣራል። በዚያ ምዕራፍ ከየአገሩ የተሰበሰበው ሰው ያን ያህል የተደነቀው እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው በመስማቱ ነበር። ያንን ምዕራፍ የሚያነብ ሰው የአገሮቹን ስም እየዋጠ ከሮጠ፣ ስለ መስማት የሚተርከው ንባብ ራሱ ሳይሰማ ቀረ ማለት ነው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ አድማጭ ደግሞ ጥድፊያው እጥፍ ይከብደዋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው እሁድ ተራችሁ የሆነ ልጆች፣ ቅዳሜ ማታ አሥር ደቂቃ ስጡት። ማይኩን አስተካክላችሁ፣ ሕዝቡ ተቀምጦ እስኪረጋጋ ጠብቃችሁ ጀምሩ። አራት ነጥብ ላይ ቁሙ፣ ቀናም በሉ። ከርቀት መጥታ ኋላ የተቀመጠች፣ ማንበብ የማትችል አንዲት እናት ትኖር ይሆናል። እሷ እስክትሰማ ድረስ ንባቡ አላለቀም።